ሐይቅ ማዶ የተወለደችው ልጅ ስም

በአንድ ወቅት፣ ሁለት አገር የሚጠጣው አንድ ሐይቅ ነበር። በወዲህ በኩል ደንገል ዳር የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ በወዲያ በኩል ደግሞ ዘንጋር የምትባል ታላቅ ከተማ ነበረች። የዘንጋር ሰው በሌላ ሕግ ይተዳደራል፣ በሌላ ቋንቋ ይገበያያል፣ ልጁንም በሌላ ወግ ያሳድጋል። ሰማዩ በጠራ ጠዋት ከደንገል ዳር ሆኖ ለተመለከተ፣ ከተማይቱ በውኃው ጫፍ ላይ የተባዘተ ጥጥ መስላ ትታያለች። ጉም በወረደ ቀን ግን ከተማም ሐይቅም የለም፤ ምድር ከእግር ጣት ፊት ያለቀች ትመስላለች።

በደንገል ዳር ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። አራት ልጆች አሏት። የበኩር ልጇ ጓንጉል፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱን እንደ ምሰሶ ይዞ ያቆመ፣ አንዴ የተናገረውን የማያጥፍ ሰው ነው። ተከታይዋ ሽታዬ ባልና ድክ ድክ የሚል ልጅ ያላት፣ ያሰበችውን ሠርታ ከጨረሰች በኋላ የምትናገር ሴት ነች። ሦስተኛው ይርዳው የደንገል ታንኳ ይሠራል፤ ግን አንዱን ታንኳ ጀምሮ ውኃ ውኃውን ሲያይ ስለሚውል መንደርተኛው «ሕልመኛው» ይለዋል። የመጨረሻዋ ትርንጎ፣ ለግንብ ሥራ ከዘንጋር የመጣ ማሎ የሚባል ሰው ወዳ፣ በወግ ተድራ ሐይቁን ተሻግራ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የደብሪቱ እንቅልፍ ሌላ አገር ሆነ። ዓይኗን ስትከድን ሐይቁ ሜዳ ሆኖ ይታያታል፤ ውኃው ላይ ሣር በቅሎ፣ ትርንጎ እጇን እያወዛወዘች በሣሩ ላይ ስትመጣ። ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ደብሪቱ ትነቃለች። ስትነቃ ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው።

ዓመታት አለፉና ዘንጋር ታመሰች። ማን ከማን እንደተጣላ ደንገል ዳር ያለ ሰው በቅጡ አልገባውም። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች በገበያ፣ በወደብ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ፈንጂ ያፈነዳሉ ተባለ። ወታደሮችም እነሱን ፍለጋ እየወጡ በመንገድ ያገኙትን ጎልማሳ ያፍሳሉ ተባለ። አንዱ ጀልባ «ኧረ ሰላም ነው፣ ሰው ያጋንናል» የሚል ወሬ ይዞ ይመጣል፤ የሚቀጥለው «አልቀናል» ይላል። ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች አንዳንድ ጠዋት ከማዶ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ይሰማሉ። ቀና ብለው ሲያዩ ሰማዩ ላይ ደመና የለም።

አንድ ቀን፣ ሰውና ጭነት የሚያመላልሰው መርከብ ነጂ አበጀ ከደብሪቱ ደጅ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ከትርንጎ መልእክት ይዣለሁ። ወሯ ገብቷል። ማሎን ከመንገድ አፍሰው ወስደውባታል። ብቻዋን ናት።»

«ምን አለች?»

«‹እናቴ ትድረስልኝ› አለች። ሌላ ምንም አላለች።»

ጎረቤት ተሰበሰበ። የሻረግ የምትባለው ወዳጇ በዚያው መርከብ እህቷን ልትጠይቅ የምትሻገር ነበረችና፣ «የመጀመሪያ ልጅ ያለ እናት እንዴት ይወለዳል? ፈንጂው እንደሆነ ስም እየጠራ አይመታ፤ ቀኑ ያልደረሰ አይሞትም» አለች። ሌላው «እያዩ እሳት ውስጥ መግባት እምነት አይባልም» ብሎ ተቆጣ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጥጋቡ ግን ደብሪቱን ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልሂድ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ልቡ ቀድሞት ሄዷል» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ደብሪቱ አልፈራችም ማለት አይደለም። በዕድሜዋ ሐይቁን ተሻግራ አታውቅም። ደግሞ ከሞቱ ይልቅ ያስፈራት ሌላ ነበር፤ በማታውቀው ቋንቋ መካከል መንገድ ጠፍቷት ስትባዝን፣ ልጇ ከአንድ ግድግዳ ጀርባ ሆና ስትጣራ፣ እሷ ሳትሰማ ብታልፍስ? ይህን እያሰበች ቅቤ በቅል፣ የገንፎ ዱቄት በከረጢት አዘጋጀች። ነጠላዋን አጥባ አሰጣች።

መርከቡ በሚነሣበት ጠዋት ጓንጉል መጣ። በእናቱ ደጃፍ ላይ፣ በሁለቱ መቃኖች መካከል በጀርባው ተጋደመ።

«ምን መሆንህ ነው?» አለችው።

«አትሄጂም፣ እናቴ።»

«እህትህ እየጠራችኝ?»

«አንዷን ለማትረፍ ብዬ ሁለት ሬሳ አላለቅስም።»

«ተነሥ ከበሩ!»

«ተራምደሽኝ እለፊ።»

በደንገል ዳር እናት በልጇ ላይ ከተራመደች፣ ልጄ አይደለህም ማለቷ ነው። ደብሪቱ ቅሉን እንደታቀፈች አንድ እግሯን አነሣች። ከእግሯ ሥር የልጇ ፊት አለ። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከዓይኑ ጥግ እንባ ወደ ጆሮው ይወርዳል። ያ ትልቅ ሰው ድንገት አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን መሰላት። መርከቡ ጮኸ። እግሯ አየር ላይ ቆየ። መርከቡ እንደገና ጮኸ። እግሯን ወደ ኋላ መለሰችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ትርንጎን ካጣኋት የምጠይቀው አንተን ነው» አለች።

«ይሁን» አለ ጓንጉል፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም።

ቅቤውንና ዱቄቱን የሻረግ ተቀብላ ይዛላት ሄደች።

መርከቡ ዘንጋር ደረሰ። ሰው ወርዶ ጓዙን ሲሰበስብ ወደቡ ላይ ፈንጂ ፈነዳ። ከወረዱት የሚበዙት ወደቡን ሳያልፉ ቀሩ። የሻረግም ቀረች። ወሬው ደንገል ዳር ሲገባ መንደሩ በአንድ አፍ ጮኸ። ደብሪቱ በየሻረግ ቤት ከለቀስተኛው መካከል ስትቀመጥ፣ የራሷ ለቅሶ ላይ የተቀመጠች መሰላት። ሰው ሁሉ የእሷን ስም እየጠራ የሚያለቅስ፣ እሷ ደግሞ ከሩቅ ሆና የምትሰማ። ቤቷ ስትመለስ ጓንጉል ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «ብዬሽ ነበር» አላላትም። እሷም አላመሰገነችውም፣ አልወቀሰችውም። እራት አቅርባ ከፊቱ ተቀመጠችና ሁለቱም ሳይበሉ ሌሊቱ ገፋ።

ከዚያ በኋላ ወደ ማዶ የሚሄድ መርከብ ጠፋ። የፈራ ሁሉ ትክክል ሆነ። «እንኳን ቀረሽ» የማይላት አልነበረም፤ ደብሪቱም በሰማች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች፣ ትርንጎ አሁንም ከማዶ አለችና።

በዚህ ጊዜ ሽታዬ ተነሣች። የሻረግ የሄደችው ሰላም ሊሆን ይችላል ብላ ነው፤ ሽታዬ ግን የሆነውን ሁሉ ሰምታ ነው የሄደችው። ልጇን ለባሏ አስታቀፈች፤ ባሏ «እኛስ?» ቢላት «አንተ አለህ፣ እሷ ማን አላት?» አለችው። እናቷን አልተሰናበተችም፤ ጓንጉል ዳግመኛ በር ላይ እንደሚተኛ ታውቃለች። ጎህ ሲቀድ ይርዳው ከሚሠራበት የውኃ ዳር ወርዳ፣ «ታንኳህን እፈልጋለሁ» አለችው። ይርዳው አንድም ነገር ሳይጠይቅ መቅዘፊያውን አነሣና አብሯት ገባ።

በሐይቁ መካከል የሁለቱ አገር ድንበር የሚያልፍባት፣ ደንገል ብቻ የበቀለባት ትንሽ ደሴት አለች። እዚያ ሲደርሱ ይርዳው መቅዘፉን አቆመ።

«እታለም፣ ከዚህ ወዲያ እጄ አይቀዝፍም።»

«ፈራህ?»

«ፈራሁ። ወደ ኋላም አልመለስም። ታንኳውን ውሰጂው፣ እኔ እዚሁ እሆናለሁ።»

«በምን ትመለሳለህ?»

«ደንገል መች ጠፋ?» አለና ከታንኳው ወደ ደሴቲቱ ዘለለ። ሽታዬ ብቻዋን ቀዘፈች። ዘወር ብላ ስታየው ጉሙ መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ወገቡን፣ በመጨረሻም ራሱን ወሰደው።

ሽታዬ በዘንጋር የሆነችውን ደብሪቱ የሰማችው በኋላ ነው፤ የሚነግራት ሰው ባገኘች ቁጥር እየደጋገመች ታስነግር ነበር። ታንኳውን በሸምበቆ መካከል ደበቀችው። ከውኃ ቀጂዎች ጋር ተቀላቅላ፣ እንስራ አዝላ፣ ቋንቋዋ እንዳያጋልጣት ዲዳ መስላ ወደ ከተማው ገባች። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። መንገዱ ላይ የአንድ እግር ጫማ፣ የተደፋ ሽንኩርት፣ ባለቤት የሌላት ፍየል። ድንጋይ መደርደርን በእጇ እያሳየች፣ ማሎ የሚኖርበትን የግንበኞች ሰፈር ጠይቃ ስትደርስ ትርንጎ ምጥ ይዟት አገኘቻት። አዋላጇ የምትኖረው ከሚቀጥለው መንገድ ባሻገር ነው፤ ያን መንገድ ግን በአንድ በኩል ወታደሮች፣ በሌላው በኩል ፊታቸውን የሸፈኑት ይዘውት ይተኳኮሱበታል። ሽታዬ እጇን ታጠበች። ሕፃኗ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ መጣች። ሽታዬ በጣቶቿ ፈታችው፤ ፈትታም እፍ አለችባት። ልጅቱ አለቀሰች። ውጭ ተኩሱ ለአፍታ ጸጥ ያለ መሰላቸው፤ ጸጥ ይበል አይበል ግን ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም።

ብዙም ሳይቆዩ ያ ሰፈር ተቃጠለ። አራስ፣ ሕፃንና ሽታዬ በጭሱ ውስጥ ወጥተው ሸምበቆው ጋ ደረሱ። ታንኳው ግን ከውኃ ሳይወጣ ሰንብቶ ነበር። የደንገል ታንኳ በየጊዜው ወጥቶ ካልደረቀ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሌላ መንገድ ስላልነበረ በዚያው ተሳፈሩ። ጥቂት እንደሄዱ ጉም ወረደ። ወዲህና ወዲያ የሚባል ነገር ጠፋ። ታንኳው ከሥራቸው ቀስ እያለ ይሰጥማል፤ ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደረሰ፣ ከዚያም ጉልበታቸው ላይ። ትርንጎ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «ሽታዬ፣ ሞት እንዲህ ለስላሳ ነው እንዴ?» አለቻት።

ይርዳው በዚያች ደሴት ብቻውን ሰንብቷል። ዓሣ እያጠመደ በላ። የደሴቲቱን ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ በሕይወቱ ጀምሮ ከጨረሳቸው ሁሉ ትልቁን ታንኳ ሠራ። ፀሐይ ሲሆን ታንኳውን ገልብጦ ያደርቃል። ጉም ሲሆን ደግሞ ከአንድ አለት ጫፍ ላይ ቆሞ ይጣራል። «ሆይ! በዚህ ነው! ሆይ! በዚህ ነው!» ማንም አልነበረም፤ ድምፁ ሄዶ ሄዶ ነጭ ነገር ውስጥ ይጠፋል። ያን ቀንም ማንም እንደሌለ እያሰበ ተጣራ፤ ከጉሙ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ መለሰለት። ታንኳውን ገፍቶ ገባ። ልቅሶውን እየተከተለ ሲደርስባቸው፣ የሽታዬ ታንኳ ከውኃው በታች ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ውኃ ላይ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር።

ደንገል ዳር ሲደርሱ ደብሪቱ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ተቀበለቻቸው። እልልታ ልታሰማ አፏን ከፍታ ሕፃኗን ስትነካት እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ልጅቱ ቀዝቅዛለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። የትርንጎ ጡት በድንጋጤ ደርቋል። ደብሪቱ ሕፃኗን ከቀሚሷ ሥር አስገብታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ከወገቧ ታጥቃ፣ ጋቢ ደርባ፣ የፍየል ወተት በጣቷ ጫፍ ጠብ እያደረገች ያዘቻት። ተቀምጣ ተኛች፣ ተቀምጣ በላች። በሕልምና በእውን መካከል ሆና የማንኛቸው ልብ እንደሚመታ መለየት እያቃታት ሰነበተች። አንድ ጠዋት ሕፃኗ አስነጠሰችና ወተት ፍለጋ ደረቷን ትቧጥጥ ጀመር። ያኔ ነው ደብሪቱ የቀረውን እልልታ ያወጣችው።

ልጅቱ ደኅና ሆነች፣ የትርንጎም ጡት ተመለሰ። ስም ማውጣት ሲነሣ ግን ትርንጎ እንዲህ አለች፦

«ማሎን ሲወስዱት እጁን ሆዴ ላይ ጥሎ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። ‹በአገሬ ወግ፣ አባቱ የሌለ ልጅ ስሙን የሚያወጣለት ነፍሱን ያተረፈለት ሰው ነው። ያ ሰው ለልጁ እንደ አባት ይሆናል› አለኝ። እሱ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ቃሉን ግን ልጠብቅለት።»

«ማን ነው ታዲያ?» አሉ አባ ጥጋቡ።

ትርንጎ እህትና ወንድሞቿን አየች። «እናቴ ትፍረድ» አለች።

መጀመሪያ የተናገረችው ሽታዬ ናት። «እጄ ላይ ነው የወደቀችው። አንገቷን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሁላችሁ ስትፈሩ የሄድኩትም እኔ ነኝ።»

ጓንጉል ቀስ ብሎ ተናገረ። «ሞታ ነው የመጣችው፤ ያሞቃት የእናቴ ደረት ነው። እናቴን ባላስቀራት ኖሮ ያ ደረት ዛሬ በዘንጋር አፈር ሥር ነበር።»

ይርዳው መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጉሙ ውስጥ ሳገኛቸው ሦስቱም ሊሰጥሙ ነበር» አለ።

«ጋሼ፣ አንተ እናታችንን ነው ያተረፍከው» አለች ሽታዬ። «ልጅቱንና እህትህን ግን ለሞት ትተሃቸው ነበር። በልጅቱ ስም ላይ ምን ቀረህ?»

«አንቺስ?» አላት ጓንጉል። «ብትሞቺ የራስሽ ልጅ ያለ እናት ይቀር ነበር። ዕድል ደግፎሽ ነው እንጂ ሥራሽ የእብድ ሥራ ነው። የሻረግም እኮ እንደ አንቺ ደፋር ነበረች።»

«ይርዳውስ?» አለ አንዱ ጎረቤት። «ፈርቶ ግማሽ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ልጅ ይሰጣል?»

«እውነት ነው፣ ፈርቻለሁ» አለ ይርዳው። «ግን ያልፈራው ሰው ታንኳ ሲሰጥም፣ የፈራው ሰው ታንኳ ደረቅ ነበር።»

አንዷ ሴት «እትዬ ደብሪቱ ራስዎ ያውጡላት፣ ያሞቋት እርስዎ ነዎት» ብትል፣ ደብሪቱ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ አልመረጥኩም፤ በር ላይ አስቀሩኝ፣ በታንኳ አመጡልኝ፣ ያቀፍኩት የመጣልኝን ነው» አለች። ሌላው «ሦስቱም በአንድነት ያውጡ» ቢል ትርንጎ አልተቀበለችም፤ ማሎ ያለው አንድ ሰው ነው፣ ልጅም ሦስት አባት አይኖራትም አለች።

ደብሪቱ ጓንጉልን አየችው፤ በእግሯ ሥር የነበረው እርጥብ ፊቱ ትዝ አላትና ልቧ ወደ እሱ አዘነበለ። የሽታዬን እጆች አየች፤ መዳፏ ላይ የመቅዘፊያው ቁስል ገና አልሻረም፤ ልቧ ወደ እሷ ሄደ። ይርዳውን አየችው፤ ማንም በሌለበት ሲጣራ የዋለባቸውን ቀኖች አሰበችና ልቧ ደግሞ ወደ እሱ አዘነበለ። የሦስቱም እናት ናት፤ ለአንዱ የሰጠችው ከሁለቱ የምትወስደው ነው።

ሕፃኗ በጭኗ ላይ ዓይኗን ገልጣ ታያታለች። ሰው ሁሉ የደብሪቱን አፍ ይጠብቃል፤ አፏ ተከፍቷል፣ ቃሉ ግን ገና አልወጣም። አንዱ እናቱ ሄዳ እንዳትሞት በር ላይ ተጋደመ። አንዷ ሞትን እያየች ሄደች። አንዱ መሄድም መመለስም አቅቶት መካከል ላይ ቆመ፣ ቆሞም ተጣራ።

እናንተ የሰማችሁ ሁሉ፣ በደብሪቱ ቦታ ብትሆኑ፣ የዚያችን ልጅ ስም ማን ያውጣ ትሉ ነበር?